ጋሽ ሻንቆና ሦስቱ ሸክላ ማጫወቻዎች

የጋሽ ሻንቆን ማረፍ የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ስንወጣ ሾፌሩ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው "ያ ሸክላ የሚያጫውተው ሰውዬ አረፈ አሉ" አለው። እኔ ከኋላ ሆኜ "የትኛው?" ብዬ ጠየቅሁ። አርባ ምንጭ ውስጥ ሸክላ የሚያጫውት ሰው ሁለት ያለ ይመስል! ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና "ስንት አለ እህቴ?" አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ነበር።

መንገድ ላይ አስቁሜው ወረድኩና ዳገቱ ጥግ ቆምኩ። እንባዬ መጣ። ከእንባዬ ጋር ግን ሳቄም መጣ፤ አላፊ አግዳሚው ምን እንዳለኝ እንጃ። ለቅሶ ቤት ስሄድም ሰዉ ሁሉ ስለ ደግነቱና ስለ ታማኝነቱ ያወራል። እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያየሁት ነገር ነበር በልቤ የሚንጫጫው። ያን ሳምንት ለሰው ሳልነግር ብቀር ይቆጨኛል።

ጋሽ ሻንቆ እኔ ጸሐፊ በሆንኩበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። የእኔ ክፍልና የእሱ መጋዘን ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያፏጭ፣ ሲቆጥር፣ ከአይጥ ጋር ሲጣላ እየሰማሁ ኖሬያለሁ። እሱን አንቱ ማለት ክልክል ነው። ሥራ በጀመርኩ ሳምንት በትህትና "ጋሼ፣ ይህን ይፈርሙልኛል?" ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ሰው መኖር አለመኖሩን አየና "ማንን ነው?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ አንተ ሆነ።

ያለ ሞዴል 22፣ ያለ ዕቃ ማውጫው ቅጽ፣ ከዚያ መጋዘን እስክሪብቶ አትወጣም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ አንድ ቀን አምፖል ሊወስድ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። የሚወዳት ቃል ደግሞ "ይሞከር" ነበረች። ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ "ይህ እንኳ የታወቀ ነው" ካለ ጋሽ ሻንቆ ከኋላ ወንበር "ይሞከር" ይላል፤ ስብሰባው በአንድ ሰዓት ይረዝማል። ስንቱ ጥርሱን ነክሶበታል! እኔ እወደው ነበር። አንድ ጊዜ በሻይ ሰዓት፣ የወባ ትንኝ ከአርባ ምንጭ ጨርሶ ጠፋች፣ ርጭቱ ሠርቷል፣ እኔ ቤት ድምጿን ከሰማሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ አለን። እኛ ክንዳችንን እያከክን ተያየን። ቀልዱን ነው ብለን ሳቅን።

ትውልዱ ኦቾሎ ነው፤ ከአባያ በላይ ካለው ሸንተረር። የሸማኔ ልጅ፣ የሸማኔ ወንድም፣ ራሱም እስከ ሃያ ዓመቱ ሸማኔ። ታላቅ ወንድሙ አቶ ዳና እሱ የሽመናውን ጉድጓድ ትቶ ለመንግሥት ሥራ ወደ ከተማ መውረዱን ይቅር አላሉትም። ጋሽ ሻንቆ ሬዲዮ መፍታትና መግጠም መጀመሩን ሲሰሙ "ሽቦ የሚሸምን ሰው ልጆቹን ምን ሊያለብስ ነው?" ብለው ላኩበት። ይህን እየሳቀ ነበር የሚያወራው። ወንድማማቾቹ ለቅሶና ሠርግ ላይ ይገናኛሉ። እሱ ወደ ኦቾሎ ይወጣል። አቶ ዳና ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን የታናሽ ወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም።

ጡረታ ሲወጣ እርሻ ላይ ይውላል ብለን ጠብቀን ነበር፤ ጫኖ ላይ ትንሽ የሙዝ ማሳ አለችው። እሱ ሙዙን ለባለቤቱ ለእትዬ ማርታ ትቶ ሸክላ ማጫወቻ መሰብሰብ ያዘ። በሁለት ዓመት ሦስት አገኘ። አንደኛው ከአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት የመጣ፣ የልብስ ሣጥን የሚያህል፣ የጥንቶቹን ወፋፍራም ሸክላዎች ብቻ የሚያጫውት ነው፤ መርፌውም ወፍራም ነው። ሁለተኛው እንደ ሻንጣ ተዘግቶ በእጅ የሚንጠለጠል፣ ለትንንሾቹ ሸክላዎች የሚሆን። ሦስተኛው አንድ ሆቴል ዕቃ ሲቀይር ከጣለው መሃል የተገኘ፣ ለትልልቆቹ። እንደ ልማዱ ስም አወጣላቸው። ወፍራሙ ለመዞር ሩብ ሰዓት መሞቅ ስላለበት "ሥራ አስኪያጁ" ተባለ፤ ሻንጣው ሁልጊዜ ስለሚቸኩል "ምክትሉ"፤ ሦስተኛዋ ሳታጉረመርም ስለምትሠራ "ጸሐፊዋ"። ይህን ሲነግረኝ መኩራቴን አልደብቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱ በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። እኔ፣ አንዳንድ ጎረቤቶች፣ እትዬ ማርታ፣ ከእሷ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የመዘምራን መሪው ወንድም ታሪኩ። ወንድም ታሪኩ ዘፈን አልሰማም ስለሚል አይቀመጥም፤ በሩ አጠገብ ሊሄድ እንደተነሳ ሰው ቆሞ ሦስት ሰዓት ያሳልፋል። በረንዳው ሕግ ነበረው። ሕጉን ጋሽ ሻንቆ ያመጣው ከኦቾሎ ዱቡሻ ነው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከሚመክሩበት ሜዳ። እዚያ አንድ ሰው ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ የሚናገርም በምርቃት ይጀምራል። እዚህም ሸክላ ሲዞር ማንም ቃል አይተነፍስም። ሲያልቅ መናገር የፈለገ ይነሳል፣ መጀመሪያ የቤቱን ጌታ ይመርቃል፣ ከዚያ አስተያየቱን ይሰጣል።

ጣጣው ፎኖዋ ነበረች። ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ትልቁ ማጉያ ቢገባ አይረባም። መጀመሪያ የሳሙና ማስቀመጫ በምታህል ሣጥን ያልፋል፤ እሷ ታነሳዋለች፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ታመጣጥነዋለች። ፎኖ የሚሏት እሷን ነው። ጋሽ ሻንቆ ያለችው አንዲት ፎኖ ብቻ ናት፤ እሷም የአንድ ማጫወቻ ገመድ ብቻ ነው የምትቀበለው። አዲስ አበባ ድረስ አስፈልጎ ሌላ አላገኘም። ስለዚህ ከትንሹ ሸክላ ወደ ትልቁ በተሸጋገርን ቁጥር ሽማግሌው ከመደርደሪያው ኋላ በጉልበቱ ይገባል፣ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ይሰካል፣ የሸረሪት ድር ተከናንቦ ይወጣል። ከመነካካት ብዛት የፎኖዋ መሰኪያ መላላት ጀመረ። እሷ ከተበላሸች ሦስቱም ማጫወቻዎች ዲዳ ይሆናሉ።

"ሦስቱንም በአንድ ፎኖ ላጋባ ነው" ብሎ የደወለልኝን ቀን እንደ ትናንት አስታውሰዋለሁ። ድምፁ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ድምፅ ነበር።

መጀመሪያ የሦስቱንም ገመድ ጫፍ በአንድ ላይ ቋጥሮ ፎኖዋ ላይ ሰካው። ድምፁ ኩምሽሽ አለ፤ ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ የገባ መሰለ። ሁለት ቀን አሰበ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ፊቴን ሳልታጠብ ቤቴ መጥቶ በሩን ደበደበና "የተኙት ናቸው የሚጠጡት" አለኝ። ማን ነው የሚጠጣው፣ ማን ነው የተኛው ስለው እዚያው ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አንደኛው ማጫወቻ ሲሠራ ድምፁ ወደ ፎኖዋ መሄድ ሲገባው ሥራ ወደ ፈቱት ሁለቱ ይፈስሳል። ስለዚህ ማጋባት አያዋጣም፤ በር ያስፈልጋል፤ ለአንዱ ሲከፈት በሁለቱ ላይ የሚዘጋ በር።

በሩን ፍለጋ ሲቀላ ገበያ አብሬው ዞርኩ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሁሉ ያውቁታል፤ ገና ከሩቅ ሲያዩት ጆንያቸውን ይዘረግፋሉ። በመጨረሻ አንድ የሞተ ሬዲዮ ውስጥ የጣቢያ መምረጫዋን ቁልፍ አገኘ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ሦስት ቦታ የምትዞር። ጆሮው አጠገብ አድርጎ ሲያዞራት ገበያተኛው ቆሞ ያየው ነበር። ቤት ወስዶ በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገጠማት። የቀረው ጉርምርምታው ነው። ከእያንዳንዱ ማጫወቻ የሚወጣ አንድ ቀጭን የመሬት ሽቦ አለ፤ እሱ በወጉ ካልታሰረ ስፒከሩ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ጋሽ ሻንቆ ሽቦዎቹን እዚህም እዚያም አስሮ አየ፤ ንቦቹ ባሱ። ከዚያ ሦስቱንም በአንዲት ብሎን ላይ ሰብስቦ ሲያጠብቃት ዝም አለ። ጭጭ! እትዬ ማርታ ከጓዳ "መብራት ሄደ እንዴ?" ብላ ወጣች። ጋሽ ሻንቆ መፍቻውን እንደያዘ እስክስታ ወረደ፤ እኔም አብሬው ወረድኩ። እንደዚያ የተደሰትኩት በሕይወቴ ስንት ጊዜ ነው?

ስህተቱ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። የሸማኔ ስህተት ነበር፤ ሌላ ሰው አይሳሳተውም።

ሸማኔ ድሩን ሲያደራ ክሮቹን ሁሉ እኩል ያደርጋል፤ አንዱ ካጠረ ሸማው ይጨማደዳል። ጋሽ ሻንቆም ሦስቱን ማጫወቻዎች አንዱ ሌላውን እንዳይነቀንቅ በረንዳው ላይ በሚከፈተው ሳሎን ሦስት ማዕዘን አስቀምጦ ነበርና ርቀቱን ለካ፤ ከፎኖዋ በጣም የራቀው ስድስት ሜትር ሆነ። እንግዲህ ሦስቱንም ገመድ ስድስት ስድስት ሜትር አድርጎ ሠራ፤ ትርፉን ከመደርደሪያው ኋላ ጠቀለለው። ገመዱ ደግሞ ዝም ብሎ ገመድ አይደለም። ፀጉር የሚያክል ሽቦ ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር ጥጥ ጋር አጥብቆ፣ አጥብቆ የሸረበው ነው። እንዴት ያምር ነበር! ለመስቀል የሚለበስ ጥለት ይመስላል። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ወሬው ከገበያተኛ ጋር ኦቾሎ ድረስ ወጣ፤ አቶ ዳናም "ሻንቆ ጥለት መሥራት ጀመረ?" ብለው ጠየቁ አሉ። ከዚያም የማይታመን መልእክት መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሊያዩት ይወርዳሉ።

እኛ ለምረቃው የተሰበሰብነው እሳቸው ከሚመጡበት ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ጋሽ ሻንቆ ከረባት አስሯል። ቁልፏን አዞረ፤ ቀጭ፤ ሥራ አስኪያጁ ዘፈነ። ቀጭ፤ ጸሐፊዋ ዘፈነች። ከመደርደሪያው ኋላ መግባት የለ፣ የሸረሪት ድር የለ! በመጨረሻ ከሁሉም የሚወዳትን ትንሽ ሸክላ ምክትሉ ላይ አስቀመጠ። ክራርና ከበሮ ያለባት ናት፤ በየመሃሉ ደግሞ አንዲት ቀጭን ቃጭል ትመታለች። ቃጭሏ በመጣች ቁጥር እሱ ጣቱን ያነሳል። ያን ቀንም ጣቱ በሰዓቱ ተነሳ። ቃጭሏ ግን አልነበረችም። ማንኪያ እንጨት ሲመታ የሚሰማው ዓይነት ነገር ብቻ ነው የመጣው። ክራሩም ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሏል። ወንድም ታሪኩን አየሁት፤ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል።

ሸክላው አለቀ። አንዱ ተነስቶ እጅህን ይባርከው አለ። ሌላው ዕድሜ ይስጥህ አለ። ወንድም ታሪኩም ከበሩ ጥግ መረቀ። ከምርቃቱ ወደ አስተያየቱ የተሻገረ ሰው ግን አልነበረም። እኔም መረቅሁና ተቀመጥኩ። አፈርኩ፤ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ። ይህን ሁሉ የለፋን ሰው ከረባቱን አስሮ ፊትህ ቆሞ እያለ ምን ትለዋለህ?

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አቶ ዳና በምላሳቸው የታወቁ ናቸው፤ እሳቸው መርቀው አይቀመጡም። ስንት ዓመት ሲጠብቃቸው የኖረው ወንድማቸው በሰው ፊት በእሳቸው አፍ ከሚሰማው፣ ከእኔ ቢሰማው ይሻላል። ማክሰኞ ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። እሱ ጫኖ ወርዶ ነበርና እትዬ ማርታን ብቻዋን አገኘኋት። ገና "እትዬ፣ ያ ድምፅ..." ስል "አንቺም ሰማሽ?" አለችኝ። እሱ ጓዳ ውስጥ በአሮጌው አጭር ገመድ ሲሞክር ድምፁ ጥሩ እንደነበር፣ የተበላሸው ያ የተሸረበው ከገባ ወዲህ እንደሆነ ነገረችኝ። ታዲያ እሱ እንዴት አይሰማም? ብዬ ጠየቅኋት። እትዬ ማርታ እጇን አየችና "ትንኝ የለም ሲል አልሰማሽውም?" አለችኝ። "አጎበር ውስጥ ገብታ በጆሮው ላይ ስትዘፍን እኔ ነኝ የምገድላት። እሱ የለችም ብሎ ይተኛል።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ቀጫጭኑ ድምፅ ከእሱ ጆሮ ከሄደ ቆይቷል። ጣቱን የሚያነሳው በልምድ ነው።

ሲመጣ ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት፤ ሕጉን ጠብቄ መጀመሪያ መረቅሁት፣ ከዚያ "ጋሼ፣ ቃጭሏ ጠፍታለች" አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ሰምቻታለሁ አለ። አልሰማሃትም አልኩት። ጸሐፊ ሆነሽ ነው ዘፈን የምታስተምሪኝ? አለኝ፤ ስድብ ነው፣ ተቀበልኩት። እትዬ ማርታ ከኋላዬ "እሷ ልክ ናት" አለች። ጋሽ ሻንቆ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። አይቶ አይቶ፣ እንደ ድሮው፣ ግን በቀጭን ድምፅ፣ "ይሞከር" አለ።

እንዴት ያለ ሙከራ ነበር! እኔንና እትዬ ማርታን ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙሮ ለየብቻ አስቀመጠን፤ ለእያንዳንዳችን ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠን። እሱ ከመደርደሪያው ኋላ ገብቶ አንዴ የተሸረበውን፣ አንዴ አሮጌውን አጭር ገመድ ይሰካል፤ የሰካውን በራሱ ወረቀት ይጽፋል። ሸክላዋን እያስጀመረ "አንድ" ይላል፤ እኛ ቃጭሏ ካለች "አለች"፣ ከሌለች "የለችም" ብለን እንጽፋለን። ሁለት። ሦስት። እኛን ለማሳሳት አጭሩን አራት ጊዜ አከታትሎ ሰካ። ብሳሳት ደስ ይለኝ ነበር እላለሁ፣ ውሸት ነው፣ መሳሳት አልፈለግሁም። አሥር ላይ አቆመ። ሦስቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ እንደ ንብረት ቆጠራ ጣቱን እያስኬደ አመሳከራቸው። አሥር ከአሥር። የእኔም፣ የእትዬ ማርታም።

ከዚያ ቀና ብሎ ባለቤቱን "ትንኟስ?" አላት።

"ሁልጊዜ አለች" አለችው።

ወረቀቶቹን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሰው እዚህ ላይ ያለቅሳል ወይ ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ተነስቶ ጃኬቱን አወለቀ። የጠፋው ከእኔ ጆሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናንተ ትሰሙት ነበር፤ እናንተም ካልሰማችሁት ጥፋቱ የገመዱ ነው፤ የእኔ ጆሮ ጥፋቱን እንዳላይ ነው የጋረደኝ አለ። በሁለት ቀን ውስጥ ደረሰበት። ከመርፌ የሚወጣ ድምፅ ደካማ ስለሆነ ረጅም መንገድ አይችልም፤ ሽቦና ሽቦ ተጣብቀው በረዘሙ መጠን ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማጫወቻዎቹ ከየማዕዘናቸው ተነስተው ፎኖዋ አጠገብ መሰብሰብ፣ ገመዶቹም ማጠር አለባቸው። እኩልም መሆን የለባቸውም፤ ለእያንዳንዱ የሚበቃውን ያህል ብቻ። እና ያ ጥለት? ወንድሙ ሊያየው የሚመጣው ጥለት?

ሐሙስ ዕለት መቀስ ይዞ ፊቱ ቁጭ ሲል አልቻልኩም። እንተወው ጋሼ፣ ቅዳሜ እሳቸው ይዩትና ሰኞ እንቆርጠዋለን አልኩት። እውነት ለመናገር ይህን ስል ከመረቁት ሰዎች አልተሻልኩም። "ጥለት ሊያይ ከሆነ የሚመጣው፣ ሸማ አላሳየውም ነበር?" አለና ቆረጠው። ሸማኔ የሠራውን ሲቆርጥ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እኔና እትዬ ማርታ ጆሮ ሆንን፤ እሱ ያሳጥራል፣ እኛ እንሰማለን፤ ትንሽ ቀረ እንለዋለን፣ እንደገና ያሳጥራል። ምክትሉ ላይ ቃጭሏ ጥርት ብላ ስትመጣ ሁለታችንም አንድ ላይ ጮህን። እሱ የእኛን ፊት እያየ ነበር። "እንደዚህ ናት?" አለ። አዎ፣ እንደዚህ ናት አልነው።

ቅዳሜ አቶ ዳና መጡ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጋቢያቸው እንደ ወረቀት የነጣ፣ በትራቸውን አስቀድመው በቀስታ የሚራመዱ ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ሻንቆ ደጅ ድረስ ወጥቶ ጉልበታቸውን ስሞ አስገባቸው። በረንዳው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወንድም ታሪኩ እንኳ ያን ቀን ተቀምጧል። እሳቸው ሳይረጋጉ "የታለ ጥለቱ?" አሉ።

ጋሽ ሻንቆ ከመደርደሪያው ላይ የተቆረጡትን ቁርጥራጮች አምጥቶ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። አንዱ ክንድ ያህላል፣ ሌላው ሁለት ክንድ።

"ለምን ቆረጥከው?" አሉት።

ጋሽ ሻንቆ እንደ ዱቡሻው ተነስቶ ቆመ፤ እኛን ሁላችንንም መረቀን፤ ከዚያ ለወንድሙ ተናገረ። "ጋሼ፣ ገመዱ ቀጭኑን ድምፅ ይበላው ነበር። እኔ አላወቅሁም፤ ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። ባለፈው ቅዳሜ እነዚህ ሁሉ እያወቁ መርቀውኝ ሄዱ። ከእንግዲህ እዚህ በረንዳ ላይ ጉድለት የሰማ፣ ጉድለቱን ተናግሮ ነው የሚመርቀኝ።" ይህን ብሎ ተቀመጠ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

አቶ ዳና ቁርጥራጩን አነሱና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አፍንጫቸውን እስኪነካ ድረስ አስጠጉት። ከዚያ ማየቱን ትተው በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ። "እጅህ አልጠፋም" አሉት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔም ክሩ አይታየኝም። አራት ዓመት ሆነኝ። ምራቴ ናት ክሩን የምታስገባልኝ፤ ለሰው አልነገርኩም" አሉ።

ጋሽ ሻንቆ አፉን ከፍቶ ወንድሙን ያያል። እኔ እነዚህን ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ማቀፍ ፈለግሁ።

አቶ ዳና በትራቸውን ወለሉ ላይ ጠበቅ አድርገው "በል አጫውተው፤ ያቺን ቃጭል እኔ እቆጥርልሃለሁ፤ ጆሮዬ ጤነኛ ነው" አሉ። ጋሽ ሻንቆ ቁልፏን አዞረ፤ ቀጭ፤ ምክትሉ ተነሳ። ክራሩ ገባ፣ ከበሮው ገባ። ቃጭሏ ስትመጣ አቶ ዳና ዓይናቸውን ጨፍነው የወንድማቸውን ጉልበት በጣታቸው መታ አደረጉ። በመጣች ቁጥር መታ። ጋሽ ሻንቆ ጣቱን አላነሳም፤ የወንድሙን ጣት ብቻ ያያል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

ሸክላዋ ስታልቅ አቶ ዳና ዓይናቸውን ገለጡ።

"አሥራ ሁለት ናት" አሉ።

"አሥራ ሦስት ናት ጋሼ" አለ ጋሽ ሻንቆ። "ከመጨረሻው ግጥም በፊት ያለችውን ዘለልካት።"

"አንተ የት ሰምተህ ነው የምታርመኝ?" አሉት ተቆጥተው።

"ይሞከር" አለ።

አቶ ዳና ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። በሉ ድገሙት አሉ፤ ጋሽ ሻንቆ ተነስቶ መርፌዋን ወደ መጀመሪያው መለሳት። በዚህኛው ዙር በረንዳው ሁሉ፣ ወንድም ታሪኩ ሳይቀር፣ በጣቱ ይቆጥር ነበር። እኔም ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት ናት።